አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ድስት

ድግስ ላይ የሚያምነኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ካወጣነው ደግሞ ይፈሩኛል። ጅማ ውስጥ እኛ ሰፈር ሰርግ ወይም ተዝካር ሲኖር ሴቶቹ «እሷ ካለች ጭልፋ አይጠፋም፣ ወጥ አያንስም» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል፣ መጀመሪያ ሸቤ፣ ከዚያ አጋሮ፣ በመጨረሻም እዚሁ ጅማ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። ስልሳ ሕፃን በዓይኑ ጸጥ ያሰኘ ሰው ስድስት ወጥ ሠሪ አያቅተውም። ይህን የምለው ልኮራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኮራ ብዬ ነው። ግን ኩራቴ የት ላይ እንደተሰበረ ልነግራችሁ ስለሆነ ታገሡኝ።

እኛ አገር የሚደግስ ሰው ሁለት ጊዜ ያርዳል። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው መደገስ አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ማጀት፣ ሁለት ዳስ ይዘጋጃል። የሙስሊሞቹን ሙስሊም ያርደዋል፣ ሙስሊም ሴቶች ይሠሩታል፣ ቢላዋውም ድስቱም ለብቻ ነው። እናቴ ከደጋ መጥታ እዚህ ስትሰፍር ያገኘችው ሥርዓት ነው፣ እኔም በእሱ አደግኩ። የእኔ ፈጠራ ጨርቁ ብቻ ነው። እንዳይምታታ ብዬ በሙስሊሞቹ ድስቶች ጆሮ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስራለሁ። «የቲቸር ጨርቅ» ይሉታል። ያ ጨርቅ ያለበትን ድስት ያለ ቦታው የነካ ሰው ከእኔ ጋር መነጋገር አለበት።

ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ባሏ ከሞተባት ጀምሮ ቤቷ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና ልብስ እየሰፋች ሄርማታ ገበያ ላሉ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። እሷ «ኦቦሌቲ ኮ» ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ደስ ስትለኝ «እህት ዓለም»፣ ስታናድደኝ «አንቺ ሴትዮ» እላታለሁ። ሑዳዴ መግባቱን ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ቤቷ ስሄድ ቅቤም ወተትም ነክቶት የማያውቅ፣ ለእኔ ብቻ ለይታ ያስቀመጠችው ሳህን አላት። ልጆቿ እንኳ በእሱ አይበሉም። እኔ ጾሜን በእሷ እጅ አምኜ እበላ ነበር፣ እሷም የእሷን በእኔ እጅ።

ልጄን በጥር ወር ዳርኩ። ቡናው ተለቅሞ ስላለቀ ሰው ሁሉ እጁ የተፈታበት፣ ከአጋሮም ከሸቤም ዘመድ የጎረፈበት ጊዜ ነበር። የሚዜዎቹን ልብስ በሙሉ የሰፋችው ጎረቤቴ ናት። በሰርጉ ቀን አንዷ ሚዜ ቀሚሷ ይጠባታል፣ የሌላዋ ዚፕ ይበጠሳል፣ እሷ መርፌና ክር አፏ ላይ ይዛ ከክፍል ክፍል ስትሮጥ እህል የሚባል አልቀመሰችም። ሙስሊሞቹ እንግዶች በልተው ከተነሡ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ማጀት ገብቼ አረንጓዴ ጨርቅ ካለበት ድስት ወጥ ጨልፌ በእንጀራ ይዤላት ሄድኩ። «ኧረ እጄ ክር ነው» ስትለኝ «አፍሽ ክር አይደለም» ብዬ ራሴ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ሦስት ጉርሻ። «ያላጎረሰ ጠላት ነው» እያልኩ፣ እሷም እየሳቀች ሁሉንም በላች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ተኝቶ፣ እኔ ትልቁን ድስት እፈገፍግ ነበር። ሥሩ አርሮ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። በአሸዋ እያሸሁ «ኧረ ይሄ መቼ ነው እንዲህ ያረረው?» አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በስምንት ሰዓት የእኛው የክርስቲያኖቹ ወጥ ሲያርር «ባዶ ድስት አምጡ!» ብዬ ጮኼ ማንም አልሰማኝም፤ ራሴ ሮጬ ምኑንም ሳላይ ከማጀቱ ጀርባ ታጥቦ የተደፋ ድስት አንስቼ ወጡን ገለበጥኩበት። ወጡ ተረፈ፣ እኔም «እሰይ» ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። እንግዲህ ያ ድስት የትኛው ነበር? ቀና ስል አጠገቤ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። ውስጡ ትራፊ ወጥ አለበት፣ ጆሮው ላይ ደግሞ የእኔው አረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። ሙስሊሞቹ በልተው ሲጨርሱ አጥበው የደፉት ነው። የክርስቲያኑን ሥጋ የጨመርኩበትም፣ ከእሱ ጨልፌ ያጎረስኳትም እኔው ነኝ።

ወይ ጉዴ! እጄ ላይ ያለው አሸዋ እንዳለ እራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለሌላ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን በራሴ ገልብጬ አየሁት። እኔን ማንም እንዲህ ቢያደርገኝ ንስሐ ገብቼ፣ ጠበል ተጠምቄ፣ ያንን ሰው ደግሞ በዓይኔ አላየውም ነበር። ባለቤቴ የሆነውን ስነግረው ሰማኝና «ሳታውቅ ነው የበላችው፤ አንቺም ሳታውቂ ነው። ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ሲባል ቀላል ነው፤ ሲፈጅ ነው ጉዱ።

ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ጸሎት አበዛሁ። እኔና እግዚአብሔር ያን ጊዜ የተነጋገርነው ንግግር ጸሎት ከተባለ ማለቴ ነው። «አንተ ብቻ ይህን ነገር ከልቤ አውጣልኝ፣ እኔ ደግሞ መቶ መቶ እሰግዳለሁ» እለው ነበር። ከልቤ አልወጣ ሲል ስግደቱን ጨመርኩ። ገበያተኛ እንኳ እንደዚያ አይከራከርም። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም በደል የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል፤ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና እዚያው ላይ ይያዛል። ውጪ ደግሞ እሷ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብላ «ኦቦሌቲ ኮ፣ አመመሽ እንዴ? ከሳሽብኝ እኮ» ትለኛለች። ሾርባ ሠርታ ትልክልኛለች። ያ ሾርባ እንዴት እንደሚወርድ አትጠይቁኝ።

ሑዳዴ ገባ። አንድ ሌሊት ድንገት ዝናብ ዘነበና ከጥቂት ቀናት በኋላ ለኪዳን ልሄድ በሩን ስከፍት የጓሯችን ቡና በሙሉ አብቧል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ጠዋት ቅርንጫፉ እስከማይታይ ነጭ ሆኗል። እስከ መንገዱ ድረስ፣ በየሰዉ አጥር ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ እንደዚያው ነበር፤ ሽታው ያሰክራል። የጅማ ልጅ ነኝ፣ በየዓመቱ አየዋለሁ። የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ቀረሁ። እኔ እንዲህ ሆኜ፣ በውስጤ ይህን ይዤ፣ ይሄ ሁሉ በእኔ ጓሮ? ለማን ብሎ? ማንስ ይገባዋል? በሌባና በጻድቅ አጥር እኩል ነው ያበበው። ፈራሁ። ከቅጣት ይልቅ ያ ቸርነት አስፈራኝ፣ ቆሜም አለቀስኩ።

ከኪዳን በኋላ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ጨክኜ ሁሉንም ነገርኳቸው። በልቤ የጠበቅኩት ስግደት ሰጥተውኝ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውኝ ቀለል ብሎኝ መሄድ ነበር። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፦

«ልጄ፣ የበደልሽው እኔን ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ።»

«ታዲያ እሷን ዘለሽ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሂጂ መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት። ከዚያ ነይ።»

«ብትጠላኝስ አባቴ? ሃያ ዓመት እኮ ነው!»

«ብትጠላሽም ንገሪያት።»

ተናደድኩባቸው። እውነቴን ነው፣ እስከ ቤቴ ድረስ እየተነጫነጭኩ ነው የሄድኩት። የነፍስ አባት ልለውጥ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ፤ ሌላ ደብር ያሉ አንድ ለስላሳ ቄስ አውቃለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ስል ቆይቼ በሦስተኛው እግሬን እየጎተትኩ አጥሩን ዞሬ ገባሁ።

በረንዳዋ ላይ ስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣለች። «ነይ ነይ፣ ማሎ፣ እባክሽ ይቺን መርፌ ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለችኝ። ክሩን አስገባሁላትና ሳልቀመጥ ነገርኳት። አስተማሪ አይደለሁ፣ ሲጨንቀኝ በተራ ነው የምናገረው፤ ያረረው ድስት፣ የደፉት ድስት፣ ጨርቁ፣ ጉርሻው። መኪናውን የምትነዳበት እግሯ ቆመ።

«በእጅሽ አጎረስሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም ነበር። «በማግስቱ» አልኳት።

«በማግስቱ!» ብድግ አለች። «ከጥር እስከ ዛሬ ዓይን ዓይኔን እያየሽኝ? ሾርባዬን እየጠጣሽ? ሥጋው ይቅር፣ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። ዝምታሽስ? እሱም ስህተት ነው?»

«አይደለም» አልኳት።

«ወላሂ!» አለች፣ እጇን አንስታ። «ወላሂ ከዛሬ ወዲያ ከአንቺ ቤት ጠብታ ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም!» ገባችና በሩን ዘጋችው። የጀመረችው ልብስ መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ንፋስ ሲያነሳው አይቼ እንዳይወድቅ አጣጥፌ አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ግድግዳው ነን የምናውቀው። ጠዋት በአጥር በኩል «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት አደርሽ ሳትለኝ የዋለችበት ቀን ሃያ ዓመት ውስጥ አልነበረም። አሁን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን ሆነ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ቀን ቀን ከማጀቷ ጭስ አይወጣም። በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ትሰፋለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ቀና አትልም። በንዴት እህል አስጠላት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ልጄ በስልክ «እማዬ ምን ሆናችኋል?» ስትለኝ ዋሸሁ፣ እግረ መንገዴንም አንድ ኃጢአት ጨመርኩ። ጸሎቴ ግን አጠረ። ድርድሩ አለቀብኝ፤ የማቀርበው ነገር አልነበረኝማ። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ እላለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ለእራት ጎደሬ ቀቅዬ እያወረድኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እሷ ናት። ሻሿን አጥብቃ አስራለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። አልፋኝ ገባችና ሳሎን ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልትረግመኝ መጣች ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን አለ ቤት ውስጥ?» አለችኝ።

«ምን… ምን ማለትሽ ነው?»

«የሚበላ ነዋ! ከነጋ ጀምሮ አልበላሁም፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው።»

የገባኝ ነገር የለም። ረመዳን አይደለም። ደግሞስ በአላህ ስም ምላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እሷ መሃላ የምትበላ ሴት አይደለችም። «መሃላሽስ?» አልኳት።

«ለሱ አይደል ሼኹ ጋ የሄድኩት» አለች። ነጠላዬን ጎተት አድርጋ አስቀመጠችኝ። «ሳታውቂ ለበላሽው ምንም የለብሽም አሉኝ። መሃላሽ ግን አለብሽ አሉኝ። ክፉ መሃላ ነው የማልሽው፣ ጎረቤት የሚያቋርጥ ነው፣ ተዪው፤ ግን ከፋራ አለው አሉኝ፣ ካሣው ማለት ነው። አሥር ድሃ ማብላት፣ እሱን ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም። አሥር ሰው ከየት ላብላ፣ ቤቴን ታውቂው የለ? ሰኞ ጾምኩ፣ ትናንት ጾምኩ፣ ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።» ነጠላዬን ለቀቀችና «መናደዱን እኮ አልጨረስኩም» አለች። «ገና እናደድብሻለሁ። ግን ከቤትሽ ሳልበላ እንዴት ብዬ ልናደድብሽ?»

እኔ ሰው ሲናገር አቋርጣለሁ፣ የታወቅኩበት ነው። ያን ጊዜ ግን እስክትጨርስ ሰማኋት። ጭስ የጠፋበት ማጀቷ፣ የደረቀው ከንፈሯ፣ እኔ ቂም ነው ብዬ ያለቀስኩበት ሦስት ቀን፤ ለካ እሷ ወደ እኔ የምትመለስበትን መንገድ እየጠረገች ነበር። ጥፋቱ የእኔ፣ ጾሙ የእሷ። ስንት ዓመት ቆሜ ቅዳሴ ያስቀደስኩ ሴት፣ በሌላ ሰው ዕዳ ስለ ተቀበለ መከራ ስንት ስብከት የሰማሁ ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር የገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ራት ሲጠይቀኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሄርማታ በኩል የመግሪብ አዛን ተሰማ። ጾሟን የምትፈታበት ቴምር የለኝም። ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁላት። ተቀበለችኝ፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ከቤቴ ውሃ ጠጣች። ጎደሬውን ልጬ በሳህን ሰጠኋት። አንዱን ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገችና አኘከች። እኔ አፏን እያየሁ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ።

«ጨው የለውም» አለች አፏ ሙሉ እንደሆነ። «አልቅሰሽበት እንኳ ጨው የለውም።»

ጨው ላመጣ ብዬ ማጀት ገባሁ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ስግደት አልቆጠርኩም፣ ስለት አልተሳልኩም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግዚአብሔርን አንዳች ነገር ሳልለምነው ፊቱ ቆየሁ። እሷ ከሳሎን «አንቺ ሴትዮ! ጨው ፍለጋ አፋር ወረድሽ እንዴ?» እያለች ትጣራለች።